በባለሁለት ፋክተር አኖቫ ዋና ተጽዕኖን መተርጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የግብርና፣ የጤናና የትምህርት ተማሪዎች የአኖቫ (የቡድኖችን አማካዮች የሚያነጻጽር የስታቲስቲክስ ዘዴ) ሠንጠረዥ ይዘው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ስሌቱን ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ከስሌቱ በኋላ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ የተደከመበት ሙከራ ዋጋ የሚያጣውም እዚያ ላይ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት መልሶች ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

ዋና ተጽዕኖ በትክክል ምንን ይለካል?

የአንድ ፋክተር (ውጤቱን ይለውጥ እንደሆነ የሚጠና ነገር) ዋና ተጽዕኖ በፋክተሩ ደረጃዎች (በተሞከሩት ዓይነቶች ወይም መጠኖች) መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ይህ ልዩነት ግን የሚሰላው በሁለተኛው ፋክተር ደረጃዎች ሁሉ ላይ አማካይ ተወስዶ ነው። ብዙዎች "ሁለተኛው ፋክተር በሌለበት፣ የመጀመሪያው ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ" አድርገው ይረዱታል። እንዲህ አይደለም። ሁለተኛው ፋክተር ከሙከራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበረ፤ የተደረገው በየደረጃው የታዩትን ልዩነቶች ደምሮ ማካፈል ነው። የትኞቹ ደረጃዎች ወደ ሙከራው ይግቡ የሚለውን ደግሞ የወሰነው ተመራማሪው ነው። ሌሎች ደረጃዎች ተመርጠው ቢሆን ኖሮ ዋናው ተጽዕኖ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን በእውነተኛ ቁጥር ማየት ይቻላል?

ይቻላል። አር ከተባለው ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚመጣ "ቱዝግሮውዝ" የሚባል መረጃ አለ፤ ማንም ከፍቶ ሊያረጋግጠው ስለሚችል በዚህ ገጽ በሙሉ እሱን እንጠቀማለን። በሙከራው 60 ጊኒ ፒጎች ቫይታሚን ሲ ተሰጥቷቸዋል፤ ግማሾቹ በብርቱካን ጭማቂ፣ ግማሾቹ በአስኮርቢክ አሲድ መልክ። መጠኑ በቀን 0.5፣ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው። የተለካው ለጥርስ እድገት ኃላፊ የሆኑት፣ ኦዶንቶብላስት የተባሉት ሕዋሳት ርዝመት ነው። በእያንዳንዱ የሠንጠረዡ ሳጥን 10 እንስሳት አሉ። አማካዮቹ እነዚህ ናቸው፦

| አሰጣጥ | 0.5 ሚሊግራም | 1 ሚሊግራም | 2 ሚሊግራም | የረድፍ አማካይ |
|---|---|---|---|---|
| ብርቱካን ጭማቂ | 13.23 | 22.70 | 26.06 | 20.66 |
| አስኮርቢክ አሲድ | 7.98 | 16.77 | 26.14 | 16.96 |
| ልዩነት | 5.25 | 5.93 | −0.08 | 3.70 |

የአሰጣጡ ዋና ተጽዕኖ በመጨረሻው ዓምድ ያለው 3.70 ነው፤ የሦስቱ ልዩነቶች አማካይ ማለት ነው። በአኖቫው መሠረት ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው (ኤፍ = 15.57፣ ፒ = 0.0002)። ኤፍ የፈተናው ቁጥር ነው፤ ፒ ደግሞ እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ነው። የመጠኑ ዋና ተጽዕኖም እጅግ ጉልህ ነው (ኤፍ = 92.00)። በሁለቱ መካከል ያለው መስተጋብርም፣ ማለትም የአንዱ ፋክተር ተጽዕኖ እንደ ሌላው ደረጃ መለያየቱ፣ ጉልህ ነው (ኤፍ = 4.11፣ ፒ = 0.022)።

አሁን የልዩነቱን ረድፍ መልሰው ይመልከቱ። 3.70 የሚባል ልዩነት በየትኛውም መጠን ላይ አልታየም። በዝቅተኛዎቹ ሁለት መጠኖች ልዩነቱ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ በከፍተኛው መጠን የለም ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ 0.5 እና 1 ሚሊግራምን ብቻ ተጠቅመው ቢሆን ኖሮ የአሰጣጡ ዋና ተጽዕኖ 5.59 ይሆን ነበር። 2 ሚሊግራምን ብቻ ቢጠቀሙ ዜሮ አካባቢ። "የብርቱካን ጭማቂ ከአስኮርቢክ አሲድ የተሻለ ነው፣ ፒ = 0.0002" ብሎ ማለፍ ስሌቱን አያዛባም፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል።

መስተጋብሩ ጉልህ ከሆነ ዋናውን ተጽዕኖ መተርጎም ክልክል ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ነው። በየክፍሉ የሚነገረው ደንብ "መስተጋብር ካለ ዋና ተጽዕኖ አይተረጎምም" ይላል። ደንቡ ከጥፋት ይጠብቃል፤ ግን ሻካራ ነው፣ በጭፍን ሲሠራበትም እውነተኛ ግኝት ያስጥላል።

በምሳሌያችን አንድ መስተጋብር ብቻ አለ፤ ሁለቱን ዋና ተጽዕኖዎች የነካቸው ግን እኩል አይደለም። መጠንን ይውሰዱ። ከ0.5 ወደ 2 ሚሊግራም ሲታለፍ በብርቱካን ጭማቂ ርዝመቱ በ12.83 ጨምሯል፤ በአስኮርቢክ አሲድ በ18.16 ጨምሯል። ጭማሪው መጠኑ ይለያያል እንጂ አቅጣጫው አንድ ነው። ስለዚህ "መጠኑ ሲጨምር ርዝመቱ ይጨምራል" የሚለው አባባል መስተጋብሩ እያለም እውነት ነው፤ ከጽሑፍዎ ሊያወጡት አይገባም። የአሰጣጡ ዋና ተጽዕኖ ግን አንዱ መጠን ላይ ያለውን የልዩነት መጥፋት ይደብቃል፤ ብቻውን ሊቆም አይችልም። መስተጋብሩ ያው አንድ ሲሆን አንደኛው ዋና ተጽዕኖ ይተርፋል፣ ሌላኛው ይወድቃል። ይህን የሚነግርዎ የፒ ዋጋ የለም፤ የሚነግርዎ የሳጥኖቹ አማካይ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የጥያቄዎ ባሕርይ ነው። በልዩ ልዩ ወረዳዎች የተሞከሩ የስንዴ ዝርያዎች አሉ እንበል፤ ዝርያና ቦታ መስተጋብር አሳይተዋል። ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ዘር ማሰራጨት ግድ ከሆነ በወረዳዎቹ ላይ የተወሰደው አማካይ ተገቢ መልስ ነው፤ ውሳኔው ራሱ በአማካይ ላይ የቆመ ነውና። ለእያንዳንዱ ወረዳ የሚስማማውን ዘር መላክ ከተቻለ ግን አማካዩ ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልገው በየቦታው የታየው ልዩነት ነው። መረጃው አንድ፣ ሠንጠረዡም አንድ ሆኖ የሚነበበው ቁጥር ይለያያል። በመጀመሪያው ሁኔታም ቢሆን አማካዩ የሚያገለግለው የተሞከሩት ቦታዎች ዘሩ የሚሄድባቸውን ወረዳዎች የሚወክሉ ከሆነ ነው።

አኖቫ የተወለደበትን ቦታ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1923 ከዊኒፍሬድ ማኬንዚ ጋር ያሳተመው ጥናት የድንች ዝርያዎች ለማዳበሪያ የሚሰጡትን ምላሽ የሚመለከት ነበር። የተለያዩ ዝርያዎች ለተመሳሳይ ማዳበሪያ የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል ወይ የሚለው ጥያቄ የመስተጋብር ጥያቄ ነው። መስተጋብር ዋና ተጽዕኖን ሊያበላሽ የመጣ ችግር ተደርጎ ሲታይ ያሳዝነኛል፤ ሁለት ፋክተር በአንድ ሙከራ የማስገባት ትልቁ ጥቅም እሱን ማየት መቻሉ ነው።

ዋና ተጽዕኖዎቹ ሁለቱም ጉልህ አይደሉም፤ መስተጋብሩ ብቻ ጉልህ ነው። ፋክተሮቹ ለውጥ አያመጡም ልበል?

በፍጹም። ለማሳያ ብቻ የተፈጠሩ ቁጥሮችን እንውሰድ፦ ሁለት የጤፍ ዝርያዎች በመስመርና በብተና ተዘሩ። አንደኛው ዝርያ በመስመር ሲዘራ በሄክታር 20 ኩንታል፣ በብተና 14 ኩንታል ሰጠ። ሁለተኛው በመስመር 14፣ በብተና 20። የዝርያዎቹ አማካይ 17 እና 17 ነው፤ የአዘራር ዘዴዎቹም 17 እና 17። ሁለቱም ዋና ተጽዕኖዎች ዜሮ ናቸው። ገበሬው ግን ዘዴውን ከዝርያው ጋር ካላገናዘበ በሄክታር 6 ኩንታል ያጣል። "የአዘራር ዘዴ በምርት ላይ ተጽዕኖ የለውም" ብሎ የጻፈ ተማሪ የሙከራውን ብቸኛ ግኝት ገልብጦ ጻፈ ማለት ነው።

ታዲያ መስተጋብር ሲገኝ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ሥዕል ይሥሩ። አንዱን ፋክተር በአግድም መስመር ላይ፣ የሌላውን ደረጃዎች በተለያየ ቀለም አድርገው የሳጥኖቹን አማካዮች ያገናኙ። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ወይም ከተራራቁ ነገር ግን ቅደም ተከተላቸው ካልተለወጠ፣ ዋናው ተጽዕኖ ቢያንስ ስለ አቅጣጫ እውነት ይናገራል። መስመሮቹ እርስ በርስ ከተቋረጡ (አንዱ ሌላውን ካቋረጠ) የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ሥዕሉን አገላብጠው፣ ሁለተኛውን ፋክተር በአግድም አድርገው ይድገሙት፤ በአንደኛው አቅጣጫ የማይቋረጡ መስመሮች በሌላኛው ሊቋረጡ ይችላሉ። በየነጥቡም የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ዋጋ ሊገኝበት የሚችለውን የግምት ወሰን) ያስቀምጡ። በምሳሌያችን በ2 ሚሊግራም ላይ መስመሮቹ በ0.08 ተላልፈዋል፤ ይህን መቋረጥ ብሎ መጥራት ግን በአጋጣሚ የመጣን ነገር ማጋነን ነው።

ከዚያ ተናጠል ተጽዕኖዎችን ያስሉ፤ ማለትም በሁለተኛው ፋክተር በእያንዳንዱ ደረጃ የመጀመሪያው ፋክተር ያሳየውን ልዩነት። ለየንጽጽሩ መረጃውን ቆራርጠው የተለያየ ቲ ቴስት አይሥሩ፤ የስሕተቱን ቫሪያንስ ከሙሉው አኖቫ ይውሰዱ። በምሳሌያችን የስሕተቱ አማካይ ስኩዌር 13.19 ሲሆን በ54 የነጻነት ዲግሪ (ለግምቱ በሚያገለግሉ ነጻ መረጃዎች ብዛት) የተገመተ ነው። አንዱን መጠን ብቻ ነጥለው ቢሠሩ 18 ብቻ ይቀርዎታል።

በአንዱ ደረጃ ልዩነቱ ጉልህ ነው፣ በሌላው አይደለም። ይህ መስተጋብር መኖሩን አያሳይም?

አያሳይም። በአንደኛው ፒ 0.04፣ በሌላው 0.07 ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቶቹ ግን እኩል ሊባሉ የሚችሉ ይሆናሉ። መስተጋብር የሚባለው በሁለቱ ልዩነቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የሚፈተነውም በራሱ በመስተጋብሩ ፈተና ነው።

መስተጋብሩ ጉልህ ካልሆነስ? ዋና ተጽዕኖዎቹን ያለ ስጋት ማንበብ እችላለሁ?

በጥንቃቄ። በናሙና ብዛት የተወሰነ ሙከራ መስተጋብርን የማየት አቅሙ ደካማ ነው። ሁለት ደረጃ ያላቸው ሁለት ፋክተሮች ባሉበት ሙከራ፣ በልዩነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት መደበኛ ስሕተቱ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) የዋናው ተጽዕኖ መደበኛ ስሕተት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዋና ተጽዕኖን ለማየት የሚበቃ ሙከራ፣ መጠኑ ከዚያ ጋር እኩል የሆነን መስተጋብር ሊስት ይችላል። ፒ = 0.20 ስለሆነ "መስተጋብር የለም" ብለው አይጻፉ፤ የመስተጋብሩን ግምትና የመተማመኛ ክልሉን ያሳዩ። ክልሉ ጠባብና ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ በልብ ሙሉነት ወደ ዋና ተጽዕኖዎቹ ይለፉ። ሰፊ ከሆነ ዋናውን ተጽዕኖ ሲዘግቡ የሳጥኖቹን አማካይ አብረው ያስቀምጡ፣ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ጉልህ ያልሆነውን መስተጋብር ከሞዴሉ ላውጣው ወይስ ልተወው ብለው የሚጠይቁም አሉ። እኔ ብተወው እመርጣለሁ። ሙከራው ሲነደፍ በሞዴሉ ውስጥ ነበረ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ ማውጣት የፒ ዋጋዎቹን ትርጉም ያደበዝዛል።

መስተጋብር ከሌለ ሁለቱን ፋክተር በአንድ ላይ መሞከሩ ከንቱ ነበር?

አልነበረም። በምሳሌያችን የአሰጣጡ ዋና ተጽዕኖ 30 እንስሳትን ከ30 ጋር ያነጻጽራል፤ የመጠኑም ንጽጽር እነዚያኑ 60 እንስሳት ይጠቀማል። ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ቢሠሩ ለተመሳሳይ ትክክለኛነት ተጨማሪ እንስሳት ያስፈልጉ ነበር።

በሶፍትዌሩ የኮፊሸንት ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ከዋናው ተጽዕኖ ጋር አልገጠመልኝም። ስሕተት ሠርቻለሁ?

ስሕተት ላይሆን ይችላል። አር በነባሪው አሠራሩ የመጀመሪያውን ደረጃ መነሻ አድርጎ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያወዳድራል። በዚህ አሠራር መስተጋብር ባለበት ሞዴል ከአስኮርቢክ አሲድ ፊት ለፊት የሚወጣው ቁጥር −5.25 ነው። ይህ በ0.5 ሚሊግራም ብቻ የታየው ልዩነት ነው፤ ምልክቱ ከሠንጠረዡ የተገለበጠው እዚህ ከአስኮርቢክ አሲድ ላይ ብርቱካን ጭማቂ ስለሚቀነስ ነው። ዋናው ተጽዕኖ ግን በሦስቱም መጠኖች ላይ የተወሰደው 3.70 ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር "ዋና ተጽዕኖ" ብሎ የሚዘግብ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ መነሻው ደረጃ ቢቀየር ቁጥሩ እንደሚቀየር ሲታይ ጉዳቱ ግልጽ ነው። 2 ሚሊግራምን መነሻ ቢያደርጉ ያው ኮፊሸንት 0.08 ሆኖ ይወጣል፣ የፒ ዋጋውም ከጉልህነት በጣም ይርቃል። መረጃው ግን አልተነካም።

በየሳጥኑ ያለው ብዛት እኩል አይደለም። ዓይነት 1፣ 2፣ 3 የሚባሉት የስኩዌር ድምሮች (አኖቫ የታየውን ልዩነት ለየፋክተሩ የሚያከፋፍልባቸው) የተለያየ ውጤት ሰጡኝ።

ብዛቱ እኩል ሲሆን ሦስቱም አንድ ናቸው። ከብት ገብቶበት የጠፋ የሙከራ መሬት ወይም ያቋረጠ ታካሚ ሲኖር ግን ሁለቱ ፋክተሮች ይደራረባሉ፤ የጋራውን ድርሻ ለማን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ፍራንክ ዬትስ በ1934 የጻፈበት ችግር ነው፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ዓይነት 1 በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ በሞዴሉ ቀድሞ የተጻፈው ፋክተር የጋራውን ድርሻ ይወስዳል፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል። ዓይነት 2 እያንዳንዱን ዋና ተጽዕኖ ሌላኛው ዋና ተጽዕኖ ከተቀነሰ በኋላ ይፈትናል፤ መስተጋብር እንደሌለ ይቆጥራል። ዓይነት 3 የሳጥኖቹን አማካዮች ብዛታቸውን ሳያይ በእኩል ክብደት ያነጻጽራል። የአር መደበኛ አኖቫ ዓይነት 1 ነው፤ ኤስፒኤስኤስ የተባለው ሶፍትዌር በነባሪው ዓይነት 3 ያወጣል። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መረጃ የተለያየ ፒ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በአር ዓይነት 3ን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ድምራቸው ዜሮ የሚሆን ኮንትራስት (ደረጃዎቹ በሞዴሉ በቁጥር የሚወከሉበት አሠራር) መምረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የሚፈተነው ያሰበው ጥያቄ አይሆንም።

የምመክረው ዓይነቱን ውጤቱን ከማየትዎ በፊት እንዲመርጡና በጽሑፉ ውስጥ እንዲገልጹት ነው። መረጃው የጎደለው በራሱ በሙከራው ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕክምናው ከብዷቸው ያቋረጡ ሰዎች ካሉ፣ ከሦስቱ አንዱም አያድንም።

የመጠኑ የነጻነት ዲግሪ 2 መሆን ሲገባው 1 ሆነ።

ሶፍትዌሩ መጠኑን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ቀጥ ያለ መስመር ገጥሞልዎታል። ወደ ፋክተር ይለውጡት። በማንኛውም አኖቫ ላይ ኤፍን ከማየትዎ በፊት የነጻነት ዲግሪውን መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ ከደረጃዎቹ ብዛት አንድ ያነሰ ካልሆነ የቀረውን አያንብቡ።

መስተጋብር በመለኪያው ይወሰናል ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዱ ሕክምና ከ10 ወደ 20፣ በሌላው ቡድን ከ30 ወደ 60 አሳደገ እንበል። በተራው መለኪያ ልዩነቶቹ 10 እና 30 ናቸው፤ መስተጋብር አለ። በሎጋሪዝም ግን ሁለቱም እጥፍ ሆነዋል፤ መስተጋብር የለም። ሁለቱም አባባል ልክ ነው። በኩንታል ለሚሸጥ ምርት ተራው መለኪያ ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል፤ ለባክቴሪያ ቁጥር ሎጋሪዝሙ። የሚቋረጡ መስመሮች ግን የትኛውም ቅደም ተከተልን የሚጠብቅ የመለኪያ ለውጥ አያጠፋቸውም። እንዲህ ያለውን መስተጋብር ከሌላው አብልጠው ሊያምኑት የሚገባው ለዚህ ነው።

የትኛው ፋክተር "ይበልጣል" ማለት እችላለሁ?

በፒ ዋጋ አያወዳድሩ። ኢታ ስኩዌርን (የተጽዕኖ መጠን መለኪያ ነው) ከተጠቀሙ የትኛውን እንደተጠቀሙ ይግለጹ። በምሳሌያችን ተራው ኢታ ስኩዌር ለመጠኑ 0.70፣ ለአሰጣጡ 0.06፣ ለመስተጋብሩ 0.03 ነው፤ ከፊል ኢታ ስኩዌር ግን 0.77፣ 0.22 እና 0.13 ነው። የኋለኞቹ ድምር ከ1 ይበልጣል፤ ስለዚህ ከፊሉን "የጠቅላላው ልዩነት ድርሻ" ብሎ መተርጎም አይቻልም። ከዚህም በላይ የመጠኑ ተጽዕኖ የገዘፈው የተመረጡት መጠኖች አራት እጥፍ ስለተራራቁ ጭምር ነው። ልዩነቱን በራሱ መለኪያ መግለጽ ከሁሉም ይሻላል።

ብሎክ ያለበት ሙከራ ላይ የብሎኩን ዋና ተጽዕኖ ልተርጉም?

አያስፈልግም። ብሎክ (ተመሳሳይ መሬቶች አንድ ላይ የተመደቡበት ቡድን) የመሬቱን ልዩነት ለመቀነስ የገባ ነው፤ ጉልህ ሆነም አልሆነ በሞዴሉ ውስጥ ይቆያል።

በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ እንዴት ልጻፈው?

መስተጋብሩን ያስቀድሙ፣ ተናጠል ልዩነቶችን ከነመተማመኛ ክልላቸው ያስከትሉ፣ ከዚያ የሚተርፈውን ዋና ተጽዕኖ ይግለጹ። ለምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል፦

"በቫይታሚን ሲ አሰጣጥና በመጠኑ መካከል መስተጋብር ታይቷል (ኤፍ (2፣ 54) = 4.11፣ ፒ = 0.022)። በ0.5 ሚሊግራም የብርቱካን ጭማቂ ያገኙት አስኮርቢክ አሲድ ካገኙት በአማካይ በ5.25 በልጠዋል (95 በመቶ የመተማመኛ ክልል፦ ከ2.0 እስከ 8.5)፤ በ1 ሚሊግራም በ5.93 (ከ2.7 እስከ 9.2)። በ2 ሚሊግራም ልዩነት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም (−0.08፤ ከ−3.3 እስከ 3.2)። ከ0.5 ወደ 2 ሚሊግራም ርዝመቱ በሁለቱም አሰጣጥ ጨምሯል፤ ጭማሪው በብርቱካን ጭማቂ 12.83፣ በአስኮርቢክ አሲድ 18.16 ነው።"

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። የመተማመኛ ክልሎቹ ለሦስት ንጽጽር ማስተካከያ አልተደረገባቸውም፤ መምህርዎ ማስተካከያ ከጠየቁ ዘዴውን ጠቅሰው ይጨምሩ። በ2 ሚሊግራም ላይ ደግሞ "ልዩነት የለም" አልተባለም፤ ክልሉ በሁለቱም አቅጣጫ ከ3 በላይ የሆነ ልዩነትን ስለሚፈቅድ እንዲያ ለማለት አያበቃም።

መረጃዬ ሙከራ ሳይሆን የዳሰሳ ጥናት ነው። ይህ ሁሉ ይሠራል?

ስሌቱ ይሠራል፤ "አመጣ" እና "አስከተለ" የሚሉት ግሦች ግን አይሠሩም። ፆታንና የትምህርት ደረጃን በዕጣ ያከፋፈለ ሰው የለም። "በአማካይ ይለያያሉ" ብለው ይጻፉ፤ ሳጥኖቹ በብዛት እኩል ስለማይሆኑም ስለ ዓይነት 1፣ 2 እና 3 የተባለውን ደግመው ያንብቡ።